የማይታየውን ጉዳት መመዘን፦ የቀይ ዘንባባ ነቀዝ በቴምር ዛፍ ላይ የሚያደርሰው ጥቃት እንዴት ይገመገማል?

መግቢያ

የሰብል ተባይ ጉዳት ግምገማ በሦስት ጥያቄዎች ላይ ይቆማል። ከተክሎቹ ምን ያህሉ ተጠቁ? በተጠቁት ላይ የጥቃቱ ክብደት ምን ያህል ነው? ከሚጠበቀው ምርትስ ምን ያህሉ ቀረ? የመጀመሪያው የጥቃት ስርጭት፣ ሁለተኛው የጥቃት ክብደት፣ ሦስተኛው የምርት ኪሳራ ይባላል። በማሽላ ወይም በበቆሎ ማሳ ላይ ሦስቱም በአንድ የምርት ዘመን ውስጥ ተለክተው ያልቃሉ፤ ተመራማሪው ማሳውን ተዘዋውሮ ይቆጥራል፣ የተበላውን ቅጠል ያያል፣ በመጨረሻም ምርቱን ይመዝናል።

የዘንባባ ቤተሰብ ሰብሎች ግን ለዚህ አሠራር በቀላሉ አይገዙም። ቴምር፣ ኮኮናትና የዘይት ዘንባባ ለአሥርት ዓመታት የሚኖሩ፣ ከፍታቸው ለዓይን የማይመች፣ ግንዳቸውም የውስጡን የሚሸሽግ ተክሎች ናቸው። ከሁሉም ይልቅ ግምገማውን የሚያከብደው ቀይ የዘንባባ ነቀዝ በሳይንሳዊ ስሙ ሪንኮፎረስ ፌሩጂነስ የተባለው ጥንዚዛ ነው። ይህ ተባይ ግንዱን ከውስጥ እየበላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ከውጭ ጉልህ ምልክት ሳይሰጥ ይቆያል። ምልክቱ ለሁሉም ሰው በግልጽ በሚታይበት ጊዜ ዛፉን ማዳን ብዙውን ጊዜ አይቻልም።

ከዚህ የተነሣ በዘንባባ ነቀዝ ላይ የሚቀርብ የጥቃት መጠን ሁሉ የሁለት ነገሮች ድምር ውጤት ነው፤ አንደኛው ተባዩ በእርግጥ ያጠቃው ዛፍ ብዛት፣ ሁለተኛው መርማሪው ያንን የማግኘት ብቃቱ። የኋለኛው ካልተገለጸ የፊተኛውን ማወቅ አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ነጥብ በናሙና አወሳሰድ፣ በስሌትና በኪሳራ ግምት ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የተባዩ አኗኗርና የዛፉ ጠባይ

ቀይ የዘንባባ ነቀዝ መነሻው ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲሆን በዚያ አካባቢ በዋናነት የኮኮናት ተባይ ሆኖ ይታወቃል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቴምር እርሻዎች ውስጥ ታየ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግብፅ ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ በስፔን ተገኘ፤ ከዚያም በሜድትራንያን ዙሪያ ባሉ አገሮች ተስፋፋ። ጥንዚዛው በራሱ ክንፍ መብረር ቢችልም ከአገር ወደ አገር ያሻገረው በዋናነት የሰው እጅ ነው። ለተከላ ወይም ለከተማ ማስዋቢያ የተጓጓዙ፣ በውስጣቸው እንቁላል ወይም እጭ የያዙ ዘንባባዎች ዋና መተላለፊያዎቹ ሆነዋል።

እንስቷ በዕድሜዋ 200 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉን የምታኖረው በዛፉ ቁስል፣ በስንጥቅ ወይም በቅጠል ግርጌ ለስላሳ ክፍል ውስጥ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚፈለፈለው እግር የለሽ እጭ ወደ ውስጥ እየበሳ ይገባና የግንዱን ለስላሳ አካል ይመገባል። እጩ ሙሉ እድገቱን ሲጨርስ ከዛፉ ጭረት በተጎነጎነ መጠቅለያ ውስጥ ሆኖ ወደ ፑፓ፣ ከዚያም ወደ ጥንዚዛነት ይለወጣል። አንድ ትውልድ በአመዛኙ ከ3 እስከ 4 ወራት ይፈጃል፤ ሙቀቱ ሲለዋወጥም ጊዜው ያጥራል ወይም ይረዝማል። በአንድ ዛፍ ውስጥ በተለያየ የእድገት ደረጃ ያሉ ተባዮች በአንድነት መገኘታቸው የተለመደ ነው።

የጉዳቱን ጠባይ ለመረዳት የዛፉን አፈጣጠር ማየት ያስፈልጋል። ዘንባባ ባለ አንድ ክክ ተክል ስለሆነ እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ብርቱካን ግንዱን በየዓመቱ የሚያወፍርና ቁስሉን የሚሸፍን የእድገት ንብርብር የለውም። ውኃና ምግብ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች በግንዱ ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። ይህ ለጊዜው ይጠቅመዋል፤ ከቧንቧዎቹ የተወሰኑት ቢቆረጡም ሌሎቹ ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ነገር ግን ይኸው ጠባይ ጉዳቱን ይሸሽጋል። የተቦረቦረው ክፍል ተመልሶ አይሞላም፤ በአናቱ ላይ ያለው ብቸኛ የእድገት ቡቃያ ከተበላም ግንዱ ሌላ አያወጣም።

በቴምር ላይ አብዛኛው ጥቃት የሚጀምረው በታችኛው የግንዱ ክፍል፣ ከመሬት እስከ 1 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ነው። ምክንያቱም ከእናት ዛፉ ሥር የሚበቅሉት የጎን ቡቃያዎች ለተከላ ሲነጠሉ የሚቀረው ቁስል ለእንስቷ መግቢያ ይሆናል። ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ዛፎች ይበልጥ ይጠቃሉ። በሜድትራንያን ከተሞች ለጌጥ በሚተከለው የካናሪ ዘንባባ ላይ ግን ጥቃቱ በአብዛኛው ከአናት ይጀምራል። ስለዚህ ለአንዱ የዘንባባ ዝርያ የተዘጋጀ የምርመራ ቅጽ ለሌላው እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። በአናት ላይ ያተኮረ መርማሪ በቴምር እርሻ፣ በግንድ ሥር ያተኮረ መርማሪ ደግሞ በካናሪ ዘንባባ መካከል ብዙ ያመልጠዋል።

በሌሎች የዘንባባ ተባዮች ሲነጻጸር

የነቀዙ ግምገማ ለምን የተለየ እንደሆነ ሁለት ሌሎች ተባዮች በንጽጽር ያሳያሉ።

የኮኮናት ባለ ቀንድ ጥንዚዛ በ1909 ወደ ሳሞአ ደሴቶች ከገባ ወዲህ የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ዋና የኮኮናት ተባይ ሆኗል፤ በ2007 ደግሞ በጓም ተገኝቷል። እዚህ ዛፉን የሚጎዳው እጩ ሳይሆን ጥንዚዛው ራሱ ነው፤ እጩ የሚኖረው በበሰበሰ ግንድና በብስባሽ ውስጥ ነው። ጥንዚዛው ገና ያልተዘረጋውን ቅጠል በስቶ ይገባል። ቅጠሉ ሲዘረጋ በሁለቱም ጎን በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል የሾጣጣ ቅርጽ ክፍተት ይታይበታል። ኮኮናት በወር አንድ ያህል ቅጠል ስለሚያወጣ የተቆረጠው ቅጠል ከአናት ስንተኛ እንደሆነ ቆጥሮ ጥቃቱ የደረሰበትን ጊዜ በግምት ማወቅ ይቻላል። በዚህ አኳኋን ዛፉ የራሱን ታሪክ መዝግቦ ይይዛል። ችግሩ ምልክቱ ያለፈውን እንጂ የአሁኑን አለማሳየቱ ነው፤ ዛሬ የሚታየው ቁርጥ ከወራት በፊት የነበረውን የተባይ ብዛት ይናገራል።

ሁለተኛው በዖማንና በኢራቅ የቴምር እርሻዎች የታወቀው ዱባስ የተባለው መጣጭ ነፍሳት ነው። ዱባስ የቅጠሉን ፈሳሽ እየመጠጠ ጣፋጭ ጠብታ ይጥላል፤ ጠብታው በቅጠሉና በፍሬው ላይ አቧራና ሻጋታ ይሰበስባል። ብዛቱን ለመገመት በንዑስ ቅጠሎች ላይ ያሉትን ነፍሳት መቁጠር ወይም ፈሳሽ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ወረቀት ከዛፉ ሥር ዘርግቶ የወረደውን ጠብታ መቁጠር ይቻላል። ጥቃቱ በአንድ ዛፍ ላይ ከትንሽ ወደ ብዙ በደረጃ የሚያድግ ስለሆነ አማካይ ቁጥር ትርጉም ይሰጣል።

ነቀዙ በሁለቱም መንገድ አይገመገምም። እንደ ባለ ቀንዱ ጥንዚዛ በቅጠል ላይ የጊዜ ምልክት ትቶ አይሄድም፤ እንደ ዱባስም ከዛፍ ዛፍ ሊነጻጸር የሚችል በውጭ የሚቆጠር ብዛት የለውም። ለገበሬው ወሳኙ ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ ያለው ነው፤ ዛፉ ተይዟል ወይስ አልተያዘም? ከተያዘስ ይድናል ወይስ አይድንም? ሁለቱ ተባዮች አንዳንድ ጊዜ በአንድ ዛፍ ላይ እንደሚገናኙም መዘንጋት የለበትም፤ ባለ ቀንዱ ጥንዚዛ የከፈተው ቁስል ለነቀዙ መግቢያ ይሆናል።

የምርመራ መንገዶችና ገደባቸው

በስፋት የሚሠራበት መንገድ የዓይን ምርመራ ነው። መርማሪው ከግንዱ የሚወጣ ቡናማና የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ የመብላላት ሽታ፣ የታኘከ ጭረት፣ የደረቁ የጎን ቡቃያዎች፣ በቅጠል ግርጌ ላይ የተበሱ ቀዳዳዎች መኖራቸውን ያያል። በዚህ መሠረት ዛፎች አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ደረጃዎች ይመደባሉ። በመጀመሪያው ፈሳሽና ጥቂት ጭረት ብቻ ይታያል፤ ዛፉ መድኃኒት በግንዱ ተወግቶበት ሊድን ይችላል። በሁለተኛው ግንዱ ውስጥ ባዶ ቦታ ተፈጥሯል፤ ውጤቱ በጉዳቱ ስፋትና በቦታው ይወሰናል። በሦስተኛው አናቱ ዘንብሏል ወይም ግንዱ ተሰብሯል፤ ያለው አማራጭ ዛፉን አስወግዶ በውስጡ ያሉትን ተባዮች ማጥፋት ነው። ይህ አመዳደብ ለእርምጃ ይጠቅማል፤ ለመለኪያነት ግን ደካማ ጎን አለው፤ ምንም ምልክት ያላሳየ የተያዘ ዛፍ ከጤነኞቹ ጋር ይቆጠራል።

ሁለተኛው መንገድ የፌሮሞን ወጥመድ ነው። ወንዱ ነቀዝ ሌሎችን ለመሰብሰብ የሚለቀው ሽታ፣ ፌሩጂኒዮል የተባለው ውሕድ፣ በ1993 ማንነቱ ታውቆ በሰው ሠራሽ መንገድ መመረት ከጀመረ ወዲህ ከቴምርና ከውኃ ጋር በባልዲ ወጥመድ ውስጥ ይቀመጣል። ወጥመዱ ተባዩ በአካባቢው መኖሩን ለማወቅና የብዛቱን አዝማሚያ በጊዜ ሂደት ለመከታተል ጠቃሚ ነው። ነገር ግን በወጥመድ የተያዘው ነቀዝ ቁጥር የተጎዳ ዛፍ ቁጥር አይደለም። የሽታው ትኩስነት፣ የምግቡ መድረቅ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የወጥመዱ ቀለምና የተቀመጠበት ስፍራ ቁጥሩን ይለውጡታል። በወጥመድ የሚገቡት በብዛት እንስቶች ናቸው፤ ይህ ለቁጥጥር መልካም ቢሆንም የተያዘው ናሙና ሕዝቡን በትክክል እንደማይወክል ያሳያል። ምግቡና ውኃው በየጊዜው ያልታደሰ ወጥመድ ጥቂት ስለሚይዝ፣ በእንክብካቤ ጉድለት የመጣውን የቁጥር መቀነስ የተባዩ መቀነስ አድርጎ የማንበብ ስሕተት በቀላሉ ይፈጸማል።

ሦስተኛው ምድብ የውስጡን ምልክት ለማግኘት የሚሞክሩ መሣሪያዎችን ይይዛል። እጩ ጭረቱን ሲያኝክ የሚያሰማው ድምፅ በግንዱ ላይ በሚተከል መሣሪያ ይሰማል፤ ነፋስ፣ ወፎችና የመስኖ ሞተር ግን ያውኩታል። በሳዑዲ ዓረቢያ የንጉሥ አብዱላ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ድምፅ በዛፎች ላይ በተጠመጠመ የብርሃን ክር ለማዳመጥ የሚያስችል ዘዴ አቅርበዋል። የሠለጠኑ ውሾችም የተያዘውን ዛፍ በሽታው እንዲለዩ ተሞክረዋል። የሙቀት ምስል ደግሞ ዛፉ በውኃ እጦት ሲጨነቅ የአናቱ ሙቀት ከፍ ማለቱን ያሳያል፤ ሆኖም የመስኖ መጓደልና የአፈር ጨዋማነትም ተመሳሳይ ምልክት ያስከትላሉ።

እነዚህ መንገዶች በሁለት ብቃቶች ሊመዘኑ ይገባል። የመጀመሪያው በእርግጥ የተያዘውን ዛፍ "ተይዟል" የማለት ብቃት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ "የማግኘት ብቃት" ይባላል። ሁለተኛው ጤነኛውን "ጤነኛ ነው" የማለት ብቃት ነው፤ "የመለየት ብቃት" ይባላል። አንዱን ከፍ ለማድረግ የሚደረግ ጥረት ብዙ ጊዜ ሌላውን ይቀንሳል። ትንሽ የደረቀ ቅጠል ያለበትን ዛፍ ሁሉ የሚጠረጥር መርማሪ ጥቂት ያመልጠዋል፣ ብዙ ጤነኛ ግን ይከሳል።

ስንት ዛፍ መታየት አለበት?

የናሙና ብዛት ጥያቄ ከዚህ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በአንድ ሰፊ እርሻ ከ100 ዛፍ አንዱ ተይዟል ተብሎ ቢታሰብና ምርመራው ፍጹም ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ የተያዘ ዛፍ ለማግኘት 95% ዕድል እንዲኖር በዕጣ የተመረጡ 299 ዛፎችን ማየት ያስፈልጋል። የማግኘት ብቃቱ 50% ብቻ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ወደ 598 ያድጋል፤ ማለትም በእጥፍ። 299 ዛፍ አይቶ "ተባዩ የለም" ብሎ የሚደመድም ጥናት፣ በግማሽ ብቃት የሠራ ከሆነ የማግኘት ዕድሉ ወደ 78% ገደማ ይወርዳል።

ይህ ስሌት እያንዳንዱ ዛፍ ከጎረቤቱ ነጻ እንደሆነ ያስባል። በተግባር ግን ነቀዙ በእርሻ ውስጥ እኩል አይበተንም፤ የተያዙ ዛፎች ተጠጋግተው ይገኛሉ። ስለሆነም አንድ ጥግ ብቻ በማየት የሚወሰድ ናሙና ጉዳቱን እጅግ ሊያጋንን ወይም ጨርሶ ሊያጣው ይችላል። የሚሻለው እርሻውን በክፍል ከፍሎ ከየክፍሉ በዕጣ መምረጥ፣ የተያዘ ዛፍ ሲገኝም ዙሪያውን ያሉትን ሁሉ መመርመር ነው። በዙሪያ ፍለጋ የተገኙት ዛፎች ግን ለብቻቸው መመዝገብ አለባቸው። ከዕጣው ናሙና ጋር ተደምረው ለመቶኛ ስሌት ከዋሉ የጥቃቱ ስርጭት ያለ አግባብ ከፍ ይላል።

ምርመራን መድገምም የማግኘት ብቃትን ያሳድጋል። በአንድ ጉብኝት 60% የሚያገኝ መርማሪ፣ ጉብኝቶቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ቢሆኑ፣ በሁለት ጉብኝት 84%፣ በሦስት 94% ገደማ ያገኛል። ይሁን እንጂ በማግሥቱ ተመልሶ ያንኑ ምልክት አልባ ግንድ ማየት አዲስ ማስረጃ አያመጣም። ጉብኝቶቹ ምልክት እንዲጎላ በሚያስችል ርቀት፣ ነገር ግን ከአንድ የተባይ ትውልድ ዘመን ባነሰ ጊዜ ውስጥ መደረግ ይኖርባቸዋል። ከዚያ ከዘገየ አዲሱ ትውልድ ወጥቶ ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳል።

ከተገኘው ቁጥር ወደ እውነተኛው

የሁለቱ ብቃቶች ትርጉም በአንድ ምሳሌ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። 1000 ዛፍ ባለበት እርሻ መርማሪዎች 30 ዛፎችን "ተይዘዋል" ብለው መዘገቡ እንበል። የማግኘት ብቃታቸው 60%፣ የመለየት ብቃታቸው 99% ይሁን። እውነተኛውን ስርጭት ለመገመት ከተገኘው መጠን ላይ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በስሕተት የሚጠረጠረው ድርሻ ይቀነስና፣ የሁለቱ ብቃቶች ድምር ከ1 በሚበልጥበት መጠን ይካፈላል። እዚህ 0.03 ሲቀነስ 0.01፣ ለ0.59 ሲካፈል 0.034 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በእርግጥ የተያዙት 34 ያህል ናቸው።

30 እና 34 ተቀራራቢ ስለሆኑ ምርመራው የተሳካ ሊመስል ይችላል። ዝርዝሩ ግን ሌላ ነው። ከ34ቱ የተገኙት 60%፣ ማለትም 20 ያህል ናቸው። የቀሩት 10 ጤነኛ ዛፎች ናቸው፤ ከ966 ጤነኛ ዛፎች 1% ማለት ነውና። በሌላ በኩል 14 የተያዙ ዛፎች በጤነኛ ስም በእርሻው ቀርተዋል። ሁለቱ ስሕተቶች በድምሩ ስለተቻቻሉ ብቻ ጠቅላላው ቁጥር እውነቱን መሰለ። በዚህ ውጤት መሠረት 30ውም ዛፎች ቢቆረጡ አንድ ሦስተኛው የገበሬው ጤነኛ ንብረት ይሆናል፤ 14ቱ ደግሞ ለቀጣዩ ትውልድ መራቢያ ሆነው ይቆያሉ።

ውጤቱ ከስሌት ስሕተትነት ያልፋል። ተቆርጦ በተሰነጠቀ ግንድ ውስጥ ምንም ተባይ ያላየ ባለቤት በሚቀጥለው ጊዜ የሚያየውን ምልክት ለመርማሪ ከመናገር ይቆጠባል። የገበሬው ጥቆማ ሲቀንስ የማግኘት ብቃት አብሮ ይወርዳል፤ በመዝገብ ላይ ግን የጥቃቱ መጠን የቀነሰ ይመስላል። ስለዚህ በሁለት ደረጃ መሥራት ይመከራል፤ በመጀመሪያ ብዙ የሚጠረጥር ፈጣን ማጣሪያ፣ ከዚያም በተጠረጠሩት ላይ ብቻ የቅጠል ግርጌዎችን ከፍቶ ወይም በድምፅ መሣሪያ የሚደረግ ማረጋገጫ። የመቁረጥ ውሳኔ ከሁለተኛው በኋላ ብቻ መምጣት አለበት።

የማግኘት ብቃትን ራሱን እንዴት መለካት ይቻላል? አስተማማኙ ማጣቀሻ ዛፉን ሰንጥቆ ማየት ነው። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸም የአሠራር ጉድለት አለ። የሚሰነጠቁት ተይዘዋል የተባሉት ብቻ ከሆኑ በስሕተት የተጠረጠሩትን መቁጠር ይቻላል፤ ያመለጡት ግን ከቶ አይታወቁም። ጤነኛ የተባለን ዛፍ ለምርምር ብሎ መቁረጥም ባለቤቱን መጉዳት ነው። ሁለት መውጫዎች አሉ። አንደኛው በመንገድ ሥራ፣ በእርጅና ወይም በእርሻ ማሻሻል ምክንያት የሚወገዱ ዛፎችን አስቀድሞ መርምሮ፣ ከተቆረጡ በኋላ ሰንጥቆ ማነጻጸር ነው። ሁለተኛው "ጤነኛ" የተባሉትን ዛፎች በዕጣ መርጦ ለአንድ የተባይ ትውልድ ያህል ጊዜ መከታተልና በዚያ ጊዜ ምልክት ያሳዩትን መመዝገብ ነው። የኋለኛው በመካከሉ በአዲስ የተያዙትን አስቀድሞ ከነበሩት ጋር ሊቀላቅል ስለሚችል ውጤቱ ሲተረጎም ጥንቃቄ ይሻል።

ከስርጭት ወደ ኪሳራ

የተያዘ ዛፍ ቁጥር ከታወቀ በኋላ ወደ ገንዘብ መለወጡ ሌላ ደረጃ ነው። በ2009 የታተመ አንድ የኢኮኖሚ ጥናት በባሕረ ሰላጤው አገሮች በከባድ ደረጃ የተጠቁ የቴምር ዛፎችን ማስወገድ የሚያስከትለውን ዓመታዊ ኪሳራ ገምቷል፤ ጥቃቱ 1% ቢሆን 5.18 ሚሊዮን፣ 5% ቢሆን 25.92 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር። ሁለተኛው የመጀመሪያው አምስት እጥፍ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ግምቱ ሙሉ በሙሉ የሚንቀሳቀሰው ከታሰበው የስርጭት መጠን ጋር ነው። ስለዚህ ከፍ ሲል በተገለጸው አኳኋን በምርመራ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ያለ ምንም ቅናሽ ወደ ኪሳራው ግምት ይተላለፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የአንድ ዛፍ ሞት ምን ያህል ኪሳራ ነው የሚለው ነው። ለዓመታዊ ሰብል የሚሠራው "የዘንድሮ ምርት ስንት ቀረ" የሚል ስሌት እዚህ ያሳስታል። በዓመት 50 ኪሎ ግራም የሚሰጥ ዛፍ ሞቶ በምትኩ የጎን ቡቃያ ተተከለ እንበል። ተተኪው ለ4 ዓመታት ፍሬ ባይሰጥ፣ ከዚያ ለ5 ዓመታት ግማሽ ቢሰጥና ከ10ኛው ዓመት ጀምሮ ሙሉ ምርት ላይ ቢደርስ፣ የቀረው ምርት በመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት 200፣ በቀጣዮቹ 5 ዓመታት 125፣ በድምሩ 325 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ የአንድ ዓመቱ ምርት ስድስት እጥፍ ተኩል ነው። በዚህ ላይ የማስወገጃው ወጪ፣ ከዛፉ ይገኙ የነበሩ የጎን ቡቃያዎች፣ ከዛፉ ጥላ ሥር የሚበቅሉ ሌሎች ሰብሎች ኪሳራና ለወደፊት ገቢ የሚደረገው የዋጋ ቅናሽ ስሌት ይጨመራሉ።

በአንጻሩ በመጀመሪያ ደረጃ ተገኝቶ በሕክምና የዳነ ዛፍ ኪሳራው የመድኃኒቱና የጉልበቱ ዋጋ፣ ምናልባትም የአንድ ወቅት ምርት መቀነስ ብቻ ነው። ስለዚህ የተያዙ ዛፎችን ሁሉ በአንድ ቁጥር ማቅረብ ትልቁን መረጃ ይሸፍናል። በሁለት እርሻዎች እኩል 3% ጥቃት ቢመዘገብ፣ በአንደኛው አብዛኛው በመጀመሪያው ደረጃ፣ በሌላው በሦስተኛው ደረጃ ከሆነ የሁለቱ ኪሳራ ፈጽሞ አይመጣጠንም። የደረጃዎቹ ድርሻ የምርመራውን ፍጥነትም ይናገራል፤ ከሚገኙት ዛፎች መካከል የመጀመሪያው ደረጃ ድርሻ እያደገ ከሄደ ክትትሉ እየተሻሻለ ነው ማለት ነው፣ ጠቅላላ ቁጥሩ ባይቀንስም እንኳ።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ ቴምር በአፋር ክልል በታችኛው አዋሽ፣ በአሳይታ፣ በዱብቲና በአፋምቦ አካባቢ ይመረታል፤ በሶማሌ ክልልም ይገኛል። ዛፎቹ ከእናት ግንድ በሚነጠል የጎን ቡቃያ ይራባሉ። ይህ አሠራር በግንዱ ሥር ቁስል ይተዋል፤ ችግኝ ከቦታ ቦታ እንዲዘዋወርም ያደርጋል። ሁለቱም፣ ከላይ እንደታየው፣ ለነቀዙ ምቹ መንገዶች ናቸው። ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉ ቴምር አምራች አገሮች ከተባዩ ጋር ለአሥርት ዓመታት ሲታገሉ ቆይተዋል።

በዚህ ሁኔታ የጉዳት ግምገማ ጥያቄው "ምን ያህል ጠፋ" ሳይሆን "አለመኖሩን በምን ያህል እርግጠኝነት መናገር ይቻላል" የሚል ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ርካሹ ጊዜ ተባዩ ገና ጥቂት ዛፎች ውስጥ ሳለ ነው። የካናሪ ደሴቶች ልምድ ይህን ያስረዳል። ነቀዙ በ2005 እዚያ መገኘቱ ታወቀ፤ የዘንባባ ዝውውርን በማገድ፣ በተከታታይ ምርመራ፣ በወጥመድና የተያዙትን በማስወገድ ከተሠራ በኋላ፣ ለዓመታት ምንም ሳይገኝ ቆይቶ በ2016 መጥፋቱ ታወጀ። መጥፋቱን ለመናገር ያስቻለው ምርመራው በውጤት አልባነቱ ሳይሰላች መቀጠሉ ነው። በ2017 በሮም የተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ስብሰባም አገሮች በቅንጅት እንዲሠሩ ጥሪ አቅርቧል፤ ድርጅቱ በኋላ ያዘጋጀው ሱሳ ሐምራ የተባለው የስልክ መተግበሪያ እያንዳንዱ የተመረመረ ዛፍና ወጥመድ ከነቦታው በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘገብ ያስችላል።

ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆኑ ርእሶች ከዚህ በቀጥታ ይወጣሉ። ከእነዚህም የቴምር ዛፎችን ብዛት፣ ዕድሜና የቁስል ሁኔታ የሚመዘግብ የመነሻ ዳሰሳ፣ የአካባቢው አርብቶ አደርና ገበሬ ምልክቶቹን የማወቅ ብቃት፣ በጨዋማ አፈርና በውኃ እጥረት የሚመጣውን ድርቀት ከነቀዝ ምልክት የመለየት ጥናት ይገኙበታል። የመነሻ ዳሰሳ ከሌለ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ከምን ጋር ሊነጻጸር እንደሚችል አይታወቅም።

ማጠቃለያ

በቀይ ዘንባባ ነቀዝ ላይ የሚደረግ የጉዳት ግምገማ ቢያንስ አምስት ነገሮችን አብሮ መግለጽ ይጠበቅበታል፤ ዛፎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ በምን መንገድና በየስንት ጊዜ እንደተመረመሩ፣ የመርማሪው የማግኘትና የመለየት ብቃት በምን እንደተለካ፣ የተገኙት ዛፎች በየደረጃው ስንት እንደሆኑ፣ ኪሳራውም ለስንት ዓመት እንደተሰላ። እነዚህ የሌሉበት መቶኛ ስለ ተባዩ የሚናገር ቢመስልም የሚናገረው ስለ ፍለጋው ነው። "3% ተጠቅቷል" የሚለው ዐረፍተ ነገር በአንዱ እርሻ ጥሩ ጥበቃን፣ በሌላው ዘግይቶ መንቃትን፣ በሦስተኛው ደግሞ በስሕተት የተቆረጡ ጤነኛ ዛፎችን ሊያመለክት ይችላል። ልዩነቱን የሚያሳየው ከቁጥሩ ጋር የሚቀርበው የአሠራር መግለጫ ነው።